ሄዶ መማር፣ ይዞ መመለስ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል የሀገራችን ሰው። አባባሉ ስለ አገር ናፍቆት ብቻ የተነገረ ቢመስልም ስለ ሥራና ስለ ትምህርትም እውነት ነው። አንድ ባለሙያ ሥራው በሌላ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል በዐይኑ ካላየ የለመደው መንገድ ብቸኛው መንገድ ይመስለዋል፤ የተሻለ ነገር እንዲመጣለትም አይመኝም። ያላየውን ምን ብሎ ይመኘዋል?

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ አንድ ተማሪ ሁሉን ነገር ካንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ አይጨርስም። ድጓን የፈለገ ወደ ቤተልሔም፣ ቅዳሴን የፈለገ ወደ ሰለልኩላ፣ ዝማሬና መዋሥዕትን የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔን የፈለገ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ አቋቋምን የፈለገ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ረኀቡንና የመንደር ውሻውን ታግሦ ይጓዛል። መምህሩም ተማሪው ከድቶት እንደ ሄደ አይቆጥረውም፤ እንዲያውም እርሱ ዘንድ ያለው ሲያልቅ የሚቀጥለውን መምህር ስም ነግሮ፣ መርቆ ይሸኘዋል። ዕውቀት በየቦታው ተከፋፍሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ መንገዱ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነበር።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ የዕለት ሥራዬ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በመንግሥት ሥራ ከተቀጠርሁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚህም ውስጥ ስምንቱን ያሳለፍሁት በሰሜን ደጋ በምትገኝ አንዲት ከተማ ሆስፒታል፣ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። የሹመት፣ የዝውውር፣ የፈቃድና የውሎ አበል ደብዳቤዎች በእጄ ያልፋሉ። ከነዚህም መካከል ቀልቤን ከሁሉ አብልጦ የሚስበው አንድ ዓይነት ደብዳቤ አለ። ይኸውም ቀዶ ሕክምና በመማር ላይ ያለ ወጣት ሐኪም ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት ወደ ሌላ ክልል ሆስፒታል ሄዶ እንዲሠራ፣ በእርሱም ምትክ ከዚያ አንድ ተማሪ ሐኪም ወደ እኛ እንዲመጣ የሚያዝዘው የልውውጥ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በውስጡ የሚያዘው ነገር ግን የብዙ ሰው ሕይወት ነው።

የሕክምና ትምህርት በሀገራችን ከመጀመሪያው አንሥቶ ከጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም.፣ ገና ሕፃን ሳሉ ወደ ሕንድ ተወስደው ሙያቸውን በሕንድና በስኮትላንድ ተምረው ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። የቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ሕክምናን የተማሩት ኤዲንብራ ሄደው ነው። በዚያ ዘመን ባሕር ሳይሻገሩ ይህን ሙያ መማር አይቻልም ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲቋቋም ጤና መኰንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎች ባንድነት ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያዎች ሥራ እየሠሩ እንዲማሩ ተደረገ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። ዛሬ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌ፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ከተሞች ቀዶ ሐኪም በሀገሩ ላይ ይሰለጥናል። ከዚህም በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው ትምህርት ጤና መኰንኖች ሦስት ዓመት ተጨማሪ ተምረው ድንገተኛ ቀዶ ጥገናና የማዋለድ ቀዶ ጥገና በወረዳ ሆስፒታሎች እንዲሠሩ ተደርጓል።

ትምህርቱ በየክልሉ መስፋፋቱ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከመስፋፋቱ ጋር አንድ አዲስ ችግር መጣ። በአንድ ሆስፒታል ብቻ የሚሰለጥን ሐኪም የሚያየው የዚያን አካባቢ በሽታ፣ የሚማረውም የዚያን ሆስፒታል ልማድ ብቻ ይሆናል። በእኛ ደጋ አገር አንጀት በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ገበሬ በየጊዜው ይመጣል፤ አንገቷ ላይ እንቅርት የወጣባት እናትም ብዙ ናት። በትልቅ አውራ ጎዳና ላይ ባለ ሆስፒታል ግን የመኪና አደጋ የሰበረው አጥንት የየሌሊቱ ሥራ ነው። አንዱ ዘንድ ዘወትር የሚታየው ሌላው ዘንድ በመጽሐፍ ብቻ ይነበባል። ሐኪሙ ግን ሲመረቅ ወዴት እንደሚመደብ አያውቅም፤ በሽተኛውም «ይህን በሽታ ስላላየኸው ሌላ በሽታ ይዤ ልምጣልህ» አይለውም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ባወጣው ጥናት፣ ደኅንነቱ የተጠበቀና ከአቅሙ ጋር የሚመጣጠን ቀዶ ሕክምና የማያገኘው የዓለም ሕዝብ 5 ቢሊዮን እንደሚደርስ፣ በየዓመቱም 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ቀዶ ጥገና ማድረግ እንደሚያስፈልግ ገልጿል። ሀገራችን አባል የሆነችበትና በ1999 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው የምሥራቅ፣ የማዕከላዊና የደቡብ አፍሪቃ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም ተማሪዎቹን በአንድ ግቢ አይሰበስብም፤ በየሀገሩ ባሉ ብቁ ሆስፒታሎች ያሰለጥናቸዋል እንጂ። ሆስፒታሉ ራሱ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል መሄድ ከክፍል ወደ ክፍል እንደ ማለፍ ነው።

አሁን ወደ ዐይኔ ምስክርነት ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ ዘንድ አንድ ወጣት ሐኪም ቡና ወደሚበቅልበት ወደ ምዕራቡ አገር ተላከ። ሲሄድ ብዙም ደስ አላለውም ነበር፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የውሎ አበሉም የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ከስምንት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ወደ ቢሮዬ መጥቶ የመመለሻ ወረቀቱን እያስፈረመ «ምን ተማርህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትልቅ የቀዶ ጥገና ስም ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ «ኤሰ ሲ ዹኩበ?» ብሎ ሣቀ። በኦሮምኛ «የትህን ነው የሚያምህ?» ማለት ነው። «መጀመሪያ የተማርሁት ይህንን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባስተርጓሚ ስሠራ በሽተኛው የሚነግረኝ ከሚያመው ነገር እኩሌታውን ነበር። በሽተኛው በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ ግን ሌላ ሰው ይሆናል» አለኝ።

ሁለተኛው ይዞት የመጣው ነገር ገመድ፣ መዘውርና የአሸዋ ከረጢት ነበር። በሄደበት ሆስፒታል የጭን አጥንት ስብራትን በእነዚህ ቀላል ነገሮች እየጎተቱ፣ በሽተኛውንም አልጋው ላይ ሳለ ጉልበቱን እያንቀሳቀሱ ያድኑ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስብራት የደረሰበት ሰው ዕጣው ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ ወደ ትልቁ ከተማ በሪፈር ይሄዳል፣ ወይ ወደ ወጌሻ ይመለሳል። ከወጌሾች መካከል እጃቸው የተባረከ እንዳሉ አልክድም፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም አግዶ እግር ያስቆረጠባቸውን ልጆች በዓይኔ አይቻለሁ። ወጣቱ ሐኪም ከተመለሰ በኋላ ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቆ ጭኑ የተሰበረ የገበሬ ልጅ መጣ። መዘውሩን የሆስፒታላችን አናጢ ሠራው። ልጁ ሳምንታት ተኝቶ በእግሩ ቆሞ ወጣ። አባትየው የመውጫ ወረቀት ሲቀበል የተናገረው አሁንም ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «በሬዬን ልሸጥ ለገበያ አውጥቼው ነበር፤ አሁን እርሻዬን አርስበታለሁ» አለ። ሪፈር በወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፤ በገበሬ ቤት ግን የበሬ ዋጋ ነው።

ልውውጥ የተባለው ግን ሰጥቶ መቀበል እንጂ መቀበል ብቻ አይደለም። በዚያው ወጣት ምትክ ከምዕራቡ አገር የመጣችው ሐኪም የእኛን አገር የተጠማዘዘ አንጀት ለመማር ነበር የመጣችው። ዋናው ቀዶ ሐኪማችን አንጀቱ ገና ያልሞተ መሆኑን በምርመራ ከለዩ በኋላ፣ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብተው የታፈነውን አየር በማስወጣት ከሌሊት ቀዶ ጥገና ያድኑታል፤ በሽታው ተመልሶ የሚመጣ ስለ ሆነም ዋናውን ቀዶ ጥገና ከቀናት በኋላ ተዘጋጅተው ይሠሩለታል። አንጀቱ ሞቶ እንደ ሆነ ግን አንድ ሰዓት አይታገሡም። ሐኪሟ ይህን ለይቶ የማወቅ ጥበብ ከአራት በሽተኞች ላይ ተምራ ሄደች።

እርሷም ባዶ እጇን አልመጣችም ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ያወጣው 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ጥገና ደኅንነት መጠየቂያ አለ። በእኛ ሆስፒታል ይህ ወረቀት ሥራው ካለቀ በኋላ ይፈረም ነበር። እርሷ ከመጣችበት ግን ቆዳ ሳይቀደድ በፊት፣ ቁስልም ሳይዘጋ በፊት ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ልማድ ነበር። የክፍሉ አንጋፋ ነርስ እንደ ነገሩኝ፣ እንግዳዋ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ጮክ ብላ ስታነብ አንዳንዶች ተሣሣቁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የአንዲት እናት ሆድ ሊሰፋ ሲል ቆጠራው አንድ ጎዝ ጎደለ። ሁለተኛ ተቆጠረ፤ አሁንም ጎደለ። ፈልገው ከጉበቷ ሥር አገኙት። «ከዚያ ቀን ወዲህ» አሉኝ ሲስተር፣ «የሣቀ የለም፤ ዛሬም እናነበዋለን፤ እርሷ ከሄደች ስንት ጊዜዋ!»

እንግዲህ እስካሁን የጻፍሁትን ያነበበ ሰው ልውውጥ ሁሉ መልካም ነው ብዬ የማምን ይመስለው ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በመዝገቤ ውስጥ ሌሎችም ደብዳቤዎች አሉ።

አንዱ ተማሪ ከሄደበት ስምንት ሳምንት ውስጥ ሁለቱን ያሳለፈው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። የሥራ ፈቃድ ማስረጃው ግልባጭ ስላልደረሰ፣ የቀዶ ጥገና ክፍል እንዲገባ የሚፈቅድለት ሰው አልተገኘም። ሌላው ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ማን ነው ተብሎ ሳይታወቅ፣ ምን ሊማር እንደ መጣም ሳይጠየቅ፣ የቁስሉን አፍ የሚከፍተውን መሣሪያ ጨብጦ ቆሞ ወሩን ጨረሰ። ተማሪ ሐኪሞች የሠሩትን የሚጽፉበት መዝገብ አላቸው፤ «ሠራ»፣ «ረዳ»፣ «ተመለከተ» የሚሉ ዓምዶች አሉት። የዚህ ልጅ መዝገብ ሲመለስ የተሞላው የመጨረሻው ዓምድ ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ የጊዜ ኪሳራ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ሊካካስ ይችላል። የማይካካስ ነገር ግን አለ። አንድ ዓመት ከአንድ ሆስፒታል ጋር በተደረገ ስምምነት ከሁለቱ ከፍተኛ ተማሪዎቻችን አንዱን ላክን። በለውጡ ሊመጣ የታሰበው ግን በልዩ ልዩ ምክንያት ሳይመጣ ቀረ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ሦስት ሳምንት አለፈ። በአንድ ሌሊት ሁለት በሽተኞች ባንድ ጊዜ ደረሱ፤ አንዷ ምጥ ያስጨነቃትና ማሕፀኗ የተቀደደ እናት፣ ሁለተኛው አንጀቱ የተጠማዘዘና የሞተ የሃምሳ ዓመት ሰው። ሆስፒታላችን ሁለት የቀዶ ጥገና ጠረጴዛ አለው፤ ሁለት የማደንዘዣ ባለሙያም ነበረን። ዋናው ሐኪምና የቀረው ተማሪ በእናቲቱ ላይ ሲሠሩ ሁለተኛው ጠረጴዛ አንሶላው ተነጥፎ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሐኪም አጥቶ አደረ። ሰውየው በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ከተማ ተላከ። ከመንገዱ እኩሌታ አላለፈም።

በማግሥቱ የልውውጡን ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አውጥቼ አነበብሁት። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙ፣ ግልባጩ ሁሉ ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር። የሚሄድበት ቀን ተጽፏል፤ የሚመለስበትም ቀን ተጽፏል። የሚተካው ሰው ሳይደርስ መሄድ እንደሌለበት የሚናገር ግን አንድ መሥመር አልነበረበትም። ከዚህ በኋላ በሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ አንዳንድ ሰዎች «ልውውጥ የሚባለው ነገር ይቅር፤ ልጆቻችንን እዚሁ እናስተምር» አሉ። ኀዘን ያናገራቸው ስለ ነበር ማንም አልፈረደባቸውም። ዋናው ሐኪም ግን ዝግ ብለው መለሱ፤ «መዘውሩን ማን አመጣው? ያን ጎዝ ማን አስቆጠረ? ደጃችንን ብንዘጋ የሚሞተው ሰው ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ በምን እንደሞተ አናውቅም ማለት ነው እንጂ።»

ከዚያ ስብሰባ ወዲህ በእኛ ሆስፒታል የልውውጥ ደብዳቤ አንድ አንቀጽ ተጨምሮበታል። ይኸውም «ተለዋጩ ደርሶ ሥራ በተረከበ በማግሥቱ ይጓዛል» የሚል ነው። ቃሉ ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ሆስፒታሎች ግን በእርሱ ምክንያት አስቀድመው በስልክ ይነጋገራሉ፣ ማኅደሩ አስቀድሞ ይላካል፣ መኝታ ክፍሉም አስቀድሞ ይሰናዳል። አንዱ እግሩን ሳያነሣ ሌላው እግሩን ማስገባት አለበትና ማንም ማንንም አይረሳም።

ከልምዴ የተረዳሁትን ሌላም ነገር ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ላመልክት። ስድስት ሳምንት ለመማር አጭር፣ ለመባከን ግን ረጅም ጊዜ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመነሣቱ በፊት ሊማር የሚሄደው አንድ ወይም ሁለት ነገር በስሙ ተጠርቶ በደብዳቤው ላይ ቢጻፍ፣ የሚያስተምረው ሐኪምም ማን እንደ ሆነ ቢታወቅ፣ ተቀባዩ ሆስፒታል እንግዳውን በመሣሪያ ያዥነት አያስቀረውም። እንግዳውም በማን ኀላፊነት ሥር ምን መሥራት እንደሚፈቀድለት ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። የውሎ አበሉም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ልቡ በኪራይና በልጁ ወተት የተያዘ ሐኪም እጁን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመመለሻው ነገር ነው። ሄዶ የተማረ ሰው የተማረውን ለራሱ ብቻ ይዞ ቢቀመጥ፣ ነገ ተመርቆ ወደ ሌላ ቦታ ሲመደብ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ሆስፒታሉም ለአበሉ ያወጣውን ገንዘብ ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የተመለሰ ተማሪ በመጀመሪያው ዐርብ ከሰዓት በኋላ ያየውን ለነርሶች፣ ለማደንዘዣ ባለሙያዎችና ለተማሪዎች እንዲናገር ይደረጋል። የተናገረውም በአንድ ደብተር ላይ ይጻፋል። ደብተሩን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። አናጢያችን መዘውር እንዴት እንደሚሠራ በገዛ እጁ የነደፈው ሥዕል በውስጡ አለ፤ «የትህን ነው የሚያምህ?» የሚለው ጥያቄም በሦስት ቋንቋ ተጽፎበታል።

መምህራን ተማሪዎቻችሁን ወደ ሌላው መምህር ለመላክ አትቅኑ፤ የላካችሁት ሲመለስ እናንተንም ያስተምራችኋል። ተማሪዎችም ወደማታውቁት አገር ሲልኳችሁ ቅጣት አይምሰላችሁ። የምናስተዳድር ሰዎች ደግሞ፣ ሐኪም ስናዘዋውር የምናዘዋውረው ስምና ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነ እናስብ። አንድ ሰው ከአንድ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሲሄድ፣ የተነሣበት ጠረጴዛ ባዶ እንዳያድር መጠበቅ የሐኪሙ ሳይሆን የእኛ የጸሐፊዎቹ ሥራ ነው።